አንድ በሬ ያዋጣል

ትናንት ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የአማርኛ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው «ትርንጎ ቢሆነኝ!» ብለው ሲጠሩኝ፣ ያጠፋሁት ነገር ያለ መስሎኝ ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። ጥፋት አልነበረም። «የትምህርት ቤታችን መጽሔት የመጀመሪያው ገጽ ላንቺ ተሰጥቷል፤ ያሰኘሽን ጻፊ» አሉኝ። ለእኔ! የመጀመሪያው ገጽ! እስከ ዛሬ ያ ገጽ የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ርስት ነበር፤ እኔ ገና ሰባተኛ ነኝ። አመሰግናለሁ ማለቱን እንኳ ረስቼ «ሙሉውን ነው?» አልኳቸው። «ሙሉውን» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደተናገሩ አላውቅም፤ ደስታ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

መጽሔቱ ወደሚባዛበት ክፍል ወሰዱኝ። የመሣሪያው እጀታ ሲዞር ወረቀቱ እርጥብ እንዳለ ይወጣል። ላምባ የተቀላቀለበት የሚመስለው የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት፣ ያን ክረምት፣ ቤታችንን ያመሰው ወረቀት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

«ምነው፣ ቀለሙ አዞረሽ?» አሉኝ መምህራችን።

«አይ፣ የምጽፈውን አገኘሁ» አልኳቸው።

እናትና አባቴ ቁሐር ሚካኤል ናቸው፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ነው ወረታ አክስቴ ዘንድ የተቀመጥኩት። የዚያን ጊዜ ግን ሁላችንም እዚያው፣ ሜዳው መሀል ነበርን። መሬታችን ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ እስከ ጉልበት ይውጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የማረሻ ጊዜ ጥቂት ቀን ነው፤ ያ ቀን ካለፈ አለፈ። አባዬ ደግሞ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቡሬ እንለዋለን። ጎረቤታችን አያ ደሴም አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ መቀናጆ ገብተው፣ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው፣ አንድ ቀን የእኛን አንድ ቀን የእነሱን ያርሱ ነበር። ዝናቡ በአያ ደሴ ተራ ቀን ካባራ፣ አባዬ ከደጃችን ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይውላል። ሰማይ ሲያይ የዋለ አባት ማታ አይጫወትም።

በዚያ ሰሞን፣ ውሃ የማያሸንፈው ሩዝ የሚባል እህል መጣ ተባለ። አባዬ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ጭቃውን ሳያራግፍ ገብቶ «መንግሥት ድጎማ ሊሰጠን ነው!» አለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ የሰማሁት «ጎማ» ነው።

ጎማ! ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ የወረታ ልጆች ተጫምተውት አይቻለሁ። ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ በማግስቱ ወንዝ ለወረዱት ሴቶች ሁሉ «መንግሥት ለየቤቱ ጎማ ሊያድል ነው» ብዬ አወጅኩ። አንዷማ «ለእኔ የጭነት መኪና ይሁንልኝ፣ ተረከዜ ሰፊ ነው» አለች። ማታ አባዬን «እግሬን መቼ ነው የሚለኩኝ?» አልኩት።

«ማን ነው እግርሽን የሚለካው?»

«መንግሥት ነዋ! ለጎማው!»

አባዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ድጎማ ነው አንቺ! ድ! ዘሩና ማዳበሪያው ዋጋው ሲከብደን መንግሥት ከፊሉን ይሸከምልናል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ጎማውስ?»

«ጎማ የለም።»

የዚያ ክረምት የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ይህ ነበር። አንዲት ፊደል ጫማዬን ወሰደችብኝ። ፊደል የማትነካው ነገር እንደሌለ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ወረቀቱ የመጣው በሳምንቱ ነው። እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ዛፍ ሥር ለአባዬ ሰጠው። «አንብባችሁ፣ የተስማማ ጣቱን ያሳርፍ» አለና የቀለሙን ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጥላ ፍለጋ ሄደ። የሰፈራችን ባለ አንድ በሬዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነቡት የኔታ ነበሩ፤ የአባቴ አጎት ናቸው፣ ቅኔ ያስተምራሉ። ግን ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ወንዛዬ ፍልውሃ ወርደዋል።

«ታዲያ ማን ያንብብልን?» አሉ አያ ደሴ።

«ትርንጎ አለች አይደል!» አለ አባዬ።

ድንጋይ ላይ አቆሙኝ። ጢም ያላቸው ሰዎች ወደ ላይ አንጋጠው ሲያዩኝ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ጣቴን መስመሩ ሥር እያስኬድኩ እንዲህ ስል አነበብኩ፦

«የአምራቾች ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ፣ ምርጥ የሩዝ ዘር በድጎማ ያገኛል። ማዳበሪያ በድጎማ ያገኛል። አንድ በሬ ያዋጣል።»

ከዚያ አያ ደሴ «እስቲ የመጨረሻዋን ድገሚያት» አሉ።

«አንድ በሬ ያዋጣል።»

«ያዋጣል ነው የሚለው?»

«ያዋጣል!»

«እንዴት ሆኖ?»

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ትልልቅ ሰዎች ሲጠይቁኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ አፌ ቀደመኝ። «እስከ ዛሬ ባንድ በሬ ማረስ አያዋጣም ነበር። ከእንግዲህ ግን ያዋጣል። ሩዝ ውሃ ውስጥ ነው የሚዘራው፤ መሬቱ ለስላሳ ስለሚሆን አንድ በሬ ይበቃዋል» አልኩ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ።

«ተመስገን!» አለ አባዬ። «ሰማህ ደሴ? ያንተን ደጅ መጥናት ቀረ!»

«እኔስ ብትል፣ ያንተን ዳተኛ በሬ መጎተት ቀረልኝ!»

ተሳሳቁ። አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ሐምራዊው ቀለም ውስጥ እየነከሩ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። አባዬ በዚያው ጣት ግንባሬን ዳሰሰኝ። እማዬ ስታጥበኝ «ይህቺን ተይልኝ» አልኳት፤ ቀለሙ ሦስት ቀን ግንባሬ ላይ ሰነበተ።

በማግስቱ አባዬ ዋንዛ ቆርጦ ቀንበር መጥረብ ጀመረ። የአንድ በሬ ቀንበር! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። የሁለቱን በሬ ቀንበር ግማሽ አድርጎ አሳጥሮ፣ ከግራና ከቀኝ ጠፍር የሚወርድበት ቀዳዳ አበጀለት። ቡሬ አንገት ላይ ሲሞክረው፣ ቡሬ ዞር ብሎ «ጓደኛዬስ?» በሚል ዓይነት ባዶውን ጎኑን አየ። አያ ደሴ ሊስቁ መጡ። «ይሄ የበሬ ነው የፍየል?» አሉ፤ ዞረው አዩት፤ ስቀው ስቀው ሲጨርሱ በክንዳቸው ለክተውት ሄዱ። ማታ ከእነሱም ቤት የመጥረቢያ ድምፅ መጣ። በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጠርባል። ያን የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ፣ ያን ፉጨት አልረሳውም። አባቴ ሲያፏጭ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን የኔታ ከወንዛዬ ተመለሱ። ጉልበታቸው ገና አልጠናም፤ በትራቸውን ተደግፈው ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። እየሮጥኩ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩና «የኔታ፣ በእርስዎ ቦታ እኔ አነበብኩ!» አልኳቸው።

«ጎሽ! እስቲ ለእኔም አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድም ቃል ሳላስቀር ተወጣሁት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ፤ ተማሪ ቅኔ ሲያቀርብላቸው እንዲህ ነው የሚያደምጡት። ስጨርስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ማን?» አሉ።

«ምኑ የኔታ?»

«ዘሩን ያገኛል ይላል። ማን ነው የሚያገኘው?»

«አባሉ።»

«ማዳበሪያውን ያገኛል ይላል። ማን?»

«አባሉ።»

«እንግዲያስ በሬውን ያዋጣል ሲል፣ የሚያዋጣው ማን ነው?»

«አ...» አልኩ። አፌ ተከፈተ፤ አልዘጋ አለኝ። «አባሉ» አልኩ በመጨረሻ፤ ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ያዋጣል። ያዋጣል! ይጠቅማል፣ ይበቃል ያልኩት ቃል፣ ለካስ አውጥቶ ይሰጣል ነው። አንድ በሬ ይበቃል ሳይሆን፣ ያለህን አንድ በሬ አምጣ ነው። ቃሉ ያው ነው፣ ፊደሉ ያው ነው፣ አንድ ነጥብ አልተለወጠም። በሬው ግን ከቤታችን ሊወጣ ነው።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ስንት ዘመን ቅኔ ስንቆጥር ኖርን» አሉ፤ «እንዲህ ያለው አልገጠመኝም። መንግሥትም ቅኔ ጀመረ?» አልሳቁም ግን። «በይ ሩጪ፤ ለአባትሽ ንገሪው። ዛሬውኑ ሄዶ ጣቴን መልሱ ይበላቸው።»

ሮጥኩ። ደጃችን ስደርስ አባዬ ቀንበሩን በቅቤ እያሸ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ነይ እስቲ፣ በዚህ በኩል ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩ። «ምነው ፊትሽ? ሰው መታሽ?»

«ምንም» አልኩ።

እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ደስታውን ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። እስከ ዛሬ ከአፌ ከወጣው ቃል ሁሉ የማፍርበት ያ «ምንም» ነው።

ነገ ግን ከእኔ ቀድመው መጡ። ረፋዱ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ሞላና ሁለት ሰዎች፣ ገመድ ይዘው። አያ ሞላ የዚያው የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት ከየኔታ ዘንድ ነው።

«እንዴት አደርክ ቢሆነኝ? በሬውን ልንወስድ ነው።»

አባዬ እየቀለዱ መሰለው። «የት ልታደርሱት?»

«ወደ ማኅበሩ የጋራ በረት ነዋ። ፈርመህ የለም?»

«የፈረምኩትማ አንድ በሬ ያዋጣል ስላለ ነው።»

«አዎ፣ ያዋጣል። በል አዋጣ!»

አባዬ ቀንበሩን አየ። አውራ ጣቱን አየ፤ ቀለሙ አሁንም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ እንደ ታመመ ሰው። ቡሬ ገመዱ አንገቱ ላይ ሲገባ እንኳ አልተወራጨም፤ ለእርሻ የሚወስዱት መስሎት ይሆናል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ነገሩ ሲገባት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወደ እኔ ዞረች። «ይኸውልሽ! ትምህርትሽ በሬ በላ!»

እየተጠሩ ሁሉም መጡ፤ ገመዱ ለሁሉም ነበርና። አያ ደሴ አጥራችን ላይ ቆመው «ይቺ ናት! ይቺ ምላሳም ናት ጉድ የሠራችን! ባንድ በሬ ይታረሳል ብላ!» እያሉ ይጮሃሉ። ምራቃቸው ይረጫል። በእማዬ ቀሚስ መደበቅ ፈለግኩ፤ እማዬ ቀሚሷን ሰበሰበችብኝ።

ያኔ አባዬ ተነሣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ደሴ፣ ልጄን ተዋት» አለ። «ያለውን ነው ያነበበችው፤ አንዲት ፊደል አልጨመረችም። የሕፃን ትርጉም ሰምተን፣ ደስ ስላለን ብቻ፣ እየተጋፋን የፈረምን እኛ ጢማሞቹ ነን።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ማወቄን አያውቅማ!

የጋራው በረት ከወንዙ ዳር፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነበር። የታጠረው በእሾህ ነው፤ በሩ በአግዳሚ እንጨቶች ተዘግቶ በጠፍር ይታሰራል። ያን ሐምሌ በሬዎቹ የማኅበሩን ማሳ አረሱ፣ ሩዙም ተዘራ። የሚያበሏቸው በተራ ነው። ተራ የተባለው ነገር ግን ጉድ ነው፤ አንዱ «የደሴ ቀን መስሎኝ» ይላል፣ አያ ደሴ «የቢሆነኝ ቀን መስሎኝ» ይላሉ። የቡሬ የጎን አጥንቶች ይቆጠሩ ጀመር። እኔ ለማንም ሳልናገር ሥራ አወጣሁ። በየማለዳው ከእማዬ ቅል ጭብጥ ጨው ሰርቄ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ በእሾሁ መሀል እጄን እሰድለታለሁ። ምላሱ ሸካራ ነው፤ መዳፌን እስኪያቃጥለኝ ይልሳል። ዓይኑ ዙሪያ ያሉትን ዝንቦች እያባረርኩ «ነገ እነግረዋለሁ» እለው ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ነሐሴ ገባ።

አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ፤ መንገድ የለም። ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። የውሃ ወፎች ትናንት የእግር መንገድ በነበረው ላይ ይዋኛሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ጉልበቴን፣ ጭኔን አለፈ። በሬዎቹ ሲያጓሩ ከሩቅ ይሰማል፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በረቱ ስደርስ ሆዳቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተገፋፉ፣ ዓይናቸው ፈጦ። ጠባቂው የለም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ በረቱን መክፈት ክልክል ስለሆነ ፈቃድ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር!

ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም። ጠፍሩ በውሃ አብጦ አልፈታ አለኝ፤ በጥርሴ ያዝኩት። የእበትና የቆዳ ጣዕም አፌን ሞላው። አንድ ጫፍ ለቀቀ። አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ገፋኋቸው፤ ተንሳፍፈው ሄዱ። ቡሬ የመጀመሪያው ሆኖ ወጣ፤ ሲያልፈኝ ጅራቱን ያዝኩ። እኔ አልመራሁትም፤ እሱ ነው የጎተተኝ። ሌሎቹም ከኋላችን መጡ። ከፍ ወዳለው መሬት፣ መንገዱ ወደየቤቱ ወደሚከፈልበት ስንደርስ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። በሬዎቹ አብረው አልሄዱም። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ። የሚነዳቸው የለም፤ የሚጠራቸው የለም። አንዱም ደጁን አልተሳሳተም።

ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩ ሰውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰበሰቡ። ያን ሁሉ ሰው የሚይዝ ደረቅ ቦታ እሱ ብቻ ነው።

«በረቱን ማን ከፈተው?» አሉ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተከፈተ» አሉ።

«ማን ከፈተው ነው ያልኩት የኔታ!»

«እኔም ተከፈተ ነው ያልኩት። አንድ በሬ ያዋጣል ብላችሁ፣ ማን የሚለውን ውጣችሁ ስታስፈርሙ ማን ጠየቃችሁ? እኛም ማን የሚለውን ውጠን፣ ተከፈተ እንላለን። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ይሄ ይጠፋሃል?»

ሰው ሳቁን አፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሊቀመንበሩ የአንገት ሥር ተገተረ። «የማኅበር ንብረት ነው! ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ይታሰርበታል!»

ሳቁ ቆመ። ያኔ አባዬ ከሰው መሀል ወጣ። ጠዋት የቡሬን ጅራት ይዤ ስገባ አይቶኛል፤ አንዲት ቃል አልተናገረኝም ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «ውሰዱኝ።»

ድንጋጤው እንደ ውሃ ከእግሬ ተነሥቶ አናቴ ደረሰ። አባቴ ሊታሰር ነው! ለእኔ ጥፋት! ለሁለተኛ ጊዜ! እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ብቻ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፣ ከባቴ ላይ ከተጣበቀ አልቅት ደም ይወርዳል፣ ድምፄ ይጮሃል። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የከፈትኩት!»

«ማን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ! ትርንጎ!»

ዝቅ ብለው አዩኝ፣ እግሬን አዩ። ከኋላ አያ ደሴ፣ ያ ሁሉ የሰደቡኝ ሰው፣ «እሷ ባትከፍተው ኖሮ አሁን የምንከፋፈለው ቆዳ ነበር» አሉ። ወዲያው ከሴቶቹ በኩል የሊቀመንበሩ ሚስት ድምፅ መጣ፦ «አያ ሞላ፣ ቀዩም እኮ ቤት ገብቷል! ድርቆሽ ሰጥቼዋለሁ!» የሊቀመንበሩም በሬ በረት ውስጥ ነበር ለካ! ሰዉ ከዚያ ወዲያ ራሱን መያዝ አቃተው።

ሊቀመንበሩ ወደ ውሃው አዩ። ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ፣ ቀደዱ፣ ለእኔ ሰጡኝ። «አንብቢላቸው።»

ጣቴን መስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ፦ «በሬዎቹ በየባለቤቶቻቸው ቤት ይቆያሉ።»

«እስከ መ...» ብሎ አንድ ሰው ሲጀምር አያ ደሴ እግሩን በተረከዛቸው ረገጡት። ሰውየው ዋጠው። የኔታ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሊቀመንበሩ እስከ መቼ የሚለውን ረስተውት ይሁን አውቀው የተዉት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ውሃው ጎደለ፣ መስከረም ጠባ፣ ገመድ ይዞ የመጣ የለም።

የዚያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ስንመለስ አባዬ ጀርባው ላይ አዘለኝ። ፊቱን ስለማላየው ይሆናል፣ ያን ሁሉ ጊዜ የታነቀብኝ ወጣ። «አባዬ፣ እኔ አውቄ ነበር። በሬውን ሳይወስዱት በፊት፣ የኔታ ነግረውኝ ነበር። ምንም ያልኩህ ጊዜ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«ቡሬ በተወሰደ ማግስት የኔታ ነገሩኝ። ካንቺ አፍ እስክሰማው እየጠበቅኩ ነበር።» ትንሽ ሄደና «ጨውሽም እኮ ያለቀው ቶሎ ነው፤ እናትሽ ናት ቅሉን የምትሞላልሽ» አለ።

ሁለት ወር ሙሉ ሌባም ምስጢረኛም የነበርኩት ብቻዬን መስሎኝ!

ከዚያ ክረምት ጀምሮ አባዬ የሚነበብለትን ነገር ሁሉ በየዓረፍተ ነገሩ ያቆመዋል። «ማን?» ይላል። የውጤት ካርዴን ሳነብለት እንኳ፣ «ጎበዝ ናት ይላል አባዬ» ስለው፣ «ማን?» ይለኛል፤ ሳልስቅ እኔ ነኝ እስክል አያልፈኝም። ወሬው እየተሰማ፣ አሁን አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የመሬት፣ አንዳንዴም ከወታደር ልጅ የመጣ ደብዳቤ። እኔ ቅዳሜ ማታ ከወረታ እገባለሁ። እኔ አነባለሁ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ፣ አባዬ ይጠይቃል።

ዛሬ ለገበያ ወረታ መጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ነገር ስነግረው ብዙም አልተደነቀ። «ከጻፍሽ አይቀር ይህን ጨምሪበት» አለኝ፤ ያለኝን እንዳለ አደርሳለሁ። ቤታችሁ ያልገባችሁ ወረቀት ካለ፣ ወይም የገባችሁ መስሏችሁ በጣም ደስ ያላችሁ ወረቀት ካለ፣ ጣታችሁ ቀለም ሳይነካ ይዛችሁት ኑ። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ጎረቤታችሁን አምጡ። ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ከጅረቱ ማዶ ያለው ነው። ክረምት ከሆነና ውሃው ካስፈራችሁ ለመሻገር አትድከሙ፤ ከወዲያ ማዶ ሆናችሁ ብቻ ተጣሩ። አባዬ ከደጁ «ማን?» ይላችኋል። ስማችሁን ንገሩት።